«ሴቶች በብልሃት፣ ወንዶች በግምት ያነባሉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ሴቶች በብልሃት፣ ወንዶች በግምት ያነባሉ» ይላል። ጸሐፊው በፒያሳና በአራት ኪሎ ያሉ ቋንቋ ቤቶችን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ አምስት ነገር ይነግሩናል። ሴቶች የውጭ ቋንቋ ሲያነቡ ከወንዶች የበለጠ የንባብ ብልሃት (ማሰመር፣ ማስታወሻ መያዝ፣ ከዐውድ መገመትና የመሳሰለውን) እንደሚጠቀሙ በጥናት ያለቀለት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ያነበቡትን የበለጠ ይረዳሉ፤ ምክንያቱ የአንጎል አፈጣጠር ነው፤ ይህንንም ጸሐፊው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው በዓይናቸው አረጋግጠዋል፤ በመሆኑም ቋንቋ ቤቶች ሴትና ወንድን ለይተው ያስተምሩ፣ እቴጌ መነን ትምህርት ቤትም የተከፈተው ይህ ለቀደሙት ስለገባቸው ነው።

እኔ በዚሁ ሰፈር ማታ ማታ የእንግሊዝኛ ንባብ አስተምራለሁ። ጽሑፉን ያነበቡ ወላጆች «ልጄ ወንድ ስለሆነ ነው እንዴ ፓሴጅ የሚከብደው?» እያሉ መጠየቅ ባይጀምሩ ኖሮ እንደ ብዙው ጽሑፍ አንብቤ አልፈው ነበር። አሁን ግን ነጥብ በነጥብ መልስ ያስፈልገዋል። ጸሐፊው ስለ ንባብ ለመጻፍ መነሳታቸው በራሱ የሚመሰገን ነው፤ ስለ ውጤት የሚጽፍ ብዙ ነው፣ ስለ ንባብ የሚጽፍ ሰው ግን ጥቂት ነው።

«በጥናት ያለቀለት ጉዳይ ነው»

አላለቀም። ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ላስቀድም። ሬቤካ ኦክስፎርድና ማርታ ኒኮስ እ.ኤ.አ. በ1989 በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ቋንቋ የሚማሩ 1,200 ያህል ተማሪዎችን ጠይቀው፣ ሴቶቹ ብልሃቶችን አዘውትረው እንደሚጠቀሙ ተናግረዋል የሚል ውጤት አሳትመዋል። ኦክስፎርድ በ1990 ያወጡት 50 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በብዙ አገር ተተርጉሞ ተሠርቶበታል፤ በርካቶቹም ያው ውጤት አግኝተዋል። እዚህ ድረስ ክርክር የለንም።

ግን ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆመዋል። ዋርተን በ2000 ሲንጋፖር ውስጥ ፈረንሳይኛና ጃፓንኛ የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በዚሁ መጠይቅ ጠይቆ፣ ብዙ ብልሃት እንጠቀማለን ያሉት ወንዶቹ ሆነው አገኛቸው። ፋኪቲ በ2003 ታይላንድ ውስጥ 384 ተማሪዎችን አጥንቶ፣ የራስን ንባብ በማቀድና በመቆጣጠር በኩል ወንዶቹ እንደሚበልጡ ከራሳቸው መልስ አየ። ሺዮሪና ሞክታሪ በ2001 አሜሪካ ውስጥ ያጠኑት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነው ተማሪዎች መካከል ሴቶቹ ብልጫ አሳዩ፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው በሆነው ዘንድ ግን የጾታ ልዩነቱ ጠፋ። የእኛ ተማሪ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ሌላው ነገር መጠይቁ ራሱ ነው። መጠይቅ የሚለካው ሰው ሲያነብ ምን እንደሚያደርግ ሳይሆን ምን አደርጋለሁ እንደሚል ነው። ጥርስ ሐኪም «በቀን ስንት ጊዜ ትቦርሻለህ?» ሲል ሁላችንም «ሁለት ጊዜ» እንደምንለው ማለት ነው። ይህን ችግር ለማለፍ አንዳንድ ተመራማሪዎች አንባቢውን አስቀምጠው፣ እያነበበ በሐሳቡ የሚመላለሰውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያደርጋሉ። ያንግና ኦክስፎርድ በ1997 ስፓኒሽ የሚማሩ 49 ሰዎችን በዚህ መንገድ አጠኑ። በአጠቃላይ የብልሃት አጠቃቀም በሴትና በወንድ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም፤ የታየው በነጠላ ብልሃቶች ላይ እዚህም እዚያም የተበተነ ልዩነት ነው። ከሁለቱ አጥኚዎች አንዷ ከስምንት ዓመት በፊት «ሴቶች ይበልጣሉ» የሚለውን ውጤት ያሳተሙት እኚያው ኦክስፎርድ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

መጠይቁን ይዘን ወደ አራት ኪሎ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የንባብ ብልሃት መጠይቅ፣ ሞክታሪና ሺዮሪ በ2002 ያወጡት፣ 30 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ተማሪው «ፈጽሞ» ከሚለው 1 ጀምሮ «ሁልጊዜ» እስከሚለው 5 ድረስ ምልክት ያደርጋል። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ «ለማስታወስ እንዲረዳኝ ከጽሑፉ ላይ አሰምርበታለሁ ወይም አከብበታለሁ» የሚል ይዘት አለው። እንግዲህ አስቡት፤ ወመዘክር ወይም አብርሆት ገብቶ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ ምን ላይ ነው የሚያሰምረው? ለሦስት የሚካፈሉትን የመማሪያ መጽሐፍ የያዘችው ልጅስ? «ፈጽሞ» የሚለውን ያከብቡና ያልፋሉ። አጥኚው ደግሞ «ዝቅተኛ ብልሃት ተጠቃሚ» ብሎ ይመዘግባቸዋል። የተለካው የመጽሐፍ ባለቤትነት ነው፤ ብልሃት አይደለም። መዝገበ ቃላት ስለማየት የሚጠይቀውም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ መዝገበ ቃላት ማለት ስልክ ነው፣ ስልክ ማለት ደግሞ ዳታ። በብዙ ቤት ስልኩ የሚገዛው መጀመሪያ ለማን ነው? ይህን መጠይቁ አይጠይቅም።

«ስለዚህ የበለጠ ይረዳሉ»

የጽሑፉ ትልቁ ስንጥቅ እዚህ ነው። «ብዙ ብልሃት እጠቀማለሁ» ከማለት ተነስቶ «የተሻለ እረዳለሁ» ላይ ለመድረስ መሀል ላይ ድልድይ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ዘለውታል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የታይላንዱ ጥናት ድልድዩን ፈትሾታል። ወንዶቹ ንባባችንን የበለጠ እንቆጣጠራለን ቢሉም፣ አንብቦ በመረዳት ፈተናው ላይ ሴትና ወንድ እኩል ወጡ። ኒል አንደርሰን በ1991 ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆኑ የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ሲያጠና፣ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውም ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውም ያንኑ ዓይነት ብልሃት ሲጠቀሙ አገኛቸው። የለያቸው ብልሃቱን ማወቅ ሳይሆን የት ቦታ እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ነበር። ገጹን በሙሉ በቢጫ ማርከር የቀባች ተማሪ ብዙ ብልሃት ተጠቅማለች ሊባል ይችላል። ምን እንዳነበበች ስትጠየቅ ግን ቢጫው አያግዛትም። ቢጫውን የሚቀቡ ወንዶችም አሉኝ፣ እንዳይከፋቸው።

ውጤት ላይ ልዩነት ሲታይ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ጥሩ ጥናት ከሆላንድ አለ። እዚያ በአገር አቀፍ የውጭ ቋንቋ ፈተና ሴቶች ልጆች በእንግሊዝኛ ንባብ ከወንዶች ያነሰ ያመጡ ነበር። ቡገልና ቡንክ «ለምን?» ብለው ተነሱና 3,000 ለሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ርዕሳቸው የተለያየ ጽሑፎች ሰጡ። ስለ እሳተ ገሞራ፣ ስለ መኪና፣ ስለ እግር ኳስ ተጫዋቾች ሲሆን ወንዶቹ በለጡ፤ ስለ አዋላጆችና ስለ አንዲት የቤት እመቤት ችግር ሲሆን ሴቶቹ በለጡ። በ1996 ያሳተሙት መደምደሚያ፣ ልዩነቱን በአብዛኛው የሚያብራሩት ፍላጎትና ቀድሞ የነበረ ዕውቀት ናቸው የሚል ነው። በ2003 ብራንትማየር ስፓኒሽ የሚማሩ ተማሪዎችን ስለ ቦክስና ስለ አንዲት የቤት እመቤት የሚተርኩ ታሪኮች አስነብባ የደረሰችበትም ተመሳሳይ ነው፤ የሚወስነው ጾታው ብቻውን ሳይሆን ጾታውና የጽሑፉ ይዘት ሲገናኙ ነው። ልጆቹ ያው፣ ብልሃታቸው ያው፤ ጽሑፉ ሲቀየር ግን አሸናፊው ይቀየራል።

ይህን ለማየት ሆላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ስለ ፕሪሚየር ሊግ የዝውውር ዜና የሚያወራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ክፍል ይዤ ስገባ፣ ሰዋስው ላይ የሚንገዳገዱት ልጆች ሳይቀሩ «በውሰት» የሚለውን ከዐውዱ አውጥተው ይነግሩኛል። ቃሉን በእንግሊዝኛ አጥንተውት አይደለም፤ ነገሩን ዲኤስቲቪ ቤት ስለሚያውቁት ነው። ኳስ የምትከታተል ልጅ ካለች እሷም ትመልሳለች። ኳስ የማይወድ ወንድ ደግሞ ዝም ይላል። ጸሐፊው ያን ቀን ክፍሌ ቢመጡ «ወንዶች በብልሃት ያነባሉ» ብለው ይጽፉ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከጾታው ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ጸሐፊው «ወንዶች ይገምታሉ» ሲሉ ግምትን እንደ ጥፋት ይቆጥሩታል። ከዐውድ መገመት ራሱ ከብልሃቶቹ ዋነኛው ነው። ችግሩ የሚገመትበት ዐውድ ሲጠፋ ነው። ሁ እና ኔሽን የተባሉ አጥኚዎች በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰው ያለ ረዳት በደንብ ተረድቶ ለማንበብ ከጽሑፉ ቃላት 98 በመቶውን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልገዋል። ከ50 ቃላት አንዱ ብቻ አዲስ ይሆናል ማለት ነው። አሁን የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ይክፈቱ። በብዙ ክልል ልጁ እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ትምህርት በአፍ መፍቻው ሲማር ቆይቶ፣ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት እንጂ እንደ መማሪያ ቋንቋ አላወቀውም። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በእያንዳንዱ መስመር ሁለትና ሦስት እንግዳ ቃል እየመጣበት ምኑን ይዞ ምኑን ይገምታል? ክላርክ በ1980 ይህን አሳይቷል፤ በራሳቸው ቋንቋ ጎበዝ አንባቢ የነበሩ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በእንግሊዝኛ ሲያነቡ እንደ ደካማ አንባቢ ቃል በቃል መቆፈር ጀመሩ። ብልሃታቸው ሄዶ አይደለም፤ ቋንቋው አላሠራ ብሏቸው ነው። እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች የአማርኛ ልብ ወለድ በሁለት ቀን የሚጨርሱ ናቸው። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ከቃሉ ላይ ማንሳት ያቅታቸዋል። ሴቶቹም፣ ወንዶቹም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከሒሳብ ጥቂት ነገር በስተቀር ያ ፈተና የንባብ ፈተናም ጭምር ነው፤ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነው። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ያህል በወደቀበት አገር ስለ ወንድና ሴት የማርከር አያያዝ መከራከራችን ትንሽ ያሳፍራል።

«የአንጎል አፈጣጠር ነው»

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። ሃይድና ሊን በ1988 በቋንቋ ችሎታ ላይ የተሠሩ 165 ጥናቶችን ደምረው ሲያዩ፣ የሴቶች ብልጫ 0.11 የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብቻ ሆነ። ይህን ወደ ሰው ስንመልሰው፣ በዕጣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ቢወጡ ሴቷ የምትበልጠው ከ100 ጊዜ በ53ቱ ገደማ ነው። በ53 ለ47 ማንም ሰው ክፍል አይከፍልም።

ጸሐፊው ፒሳ የተባለውን ዓለም አቀፍ የ15 ዓመት ልጆች ፈተና እንደ ማስረጃ ጠቅሰዋል። እውነት ነው፣ በዚያ ፈተና ሴቶች ልጆች በንባብ ይመራሉ። ግን ልጆቹ በዚያ የሚያነቡት በሚማሩበት ቋንቋ እንጂ በውጭ ቋንቋ አይደለም፤ ኢትዮጵያም አልተሳተፈችበትም። ደግሞ ልዩነቱ ያደጉ አገሮች ድርጅት በሆነው ኦኢሲዲ አባላት ዘንድ በአማካይ እ.ኤ.አ. በ2018 30 ነጥብ የነበረ ሲሆን በ2022 ወደ 24 ወርዷል። የሰው አንጎል በአራት ዓመት ተቀይሮ ይሆን? ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ማንበብ የሚችሉት ሴቶች 42 በመቶ፣ ወንዶች 69 በመቶ ነበሩ። ተፈጥሮ ሴትን ለንባብ ካደላት፣ እዚህ አገር ስትደርስ ምን ነካት?

«በአብርሆት በዓይኔ አይቻለሁ»

ጸሐፊው ያዩትን አልክድም። አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የኢንትራንስ ሰሞን መቀመጫ ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ጠዋት በጊዜ ገብተው ደብተርና ባለቀለም እስክሪብቶ ደርድረው አንገታቸውን ሳያቀኑ የሚያነቡ ሴቶች ልጆችን ማንም ያያል። ወንዶቹ አርፍደው ይመጣሉ፣ በመሀል ይወጣሉ፣ ደጅ ቆመው ያወራሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ጸሐፊው ከዚህ የተነሱት «ሴቶቹ ማቀድ ያውቃሉ» ወደሚለው ነው።

ከሴቶቹ አንዷን ለምን በጠዋት እንደምትመጣ ቢጠይቋት ኖሮ ግን ሌላ መልስ ያገኙ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ «ከ11 ሰዓት በኋላ እዚህ ከተገኘሁ ነገ መምጣት የለም» ብላኛለች። ፒያሳ ሲፈርስ ቤተሰቦቻቸው ወደ አራብሳና ወደ ገላን ጉራ የሄዱ ልጆች አሉ። ያደጉት ከአራት ኪሎ በእግር አሥር ደቂቃ ላይ ነበር፤ አሁን የታክሲ ሰልፍ፣ ከታክሲ ወርዶ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያ በጨለማ የሚሄዱበት መንገድ ይጠብቃቸዋል። የመንገዱ ለከፋ ለወንዱ የለም፣ ለሴቷ አለ። ቤት ስትገባ የሚጠብቃት ሥራም እንዲሁ። ወንድሟ እራት በልቶ እስከ እኩለ ሌሊት ማንበብ ስለሚችል ከሰዓት በኋላ ደጅ ቆሞ ቢያወራ የሚጎድልበት ነገር የለም። እሷ ያላት ሰዓት የተቆረጠ ስለሆነ በተቆረጠው ሰዓት ውስጥ ታጭቃለች።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርታዊ ነገርም አለ። የተጣበበ ጊዜ የሚያስመርጠው የተወሰነ ዓይነት ንባብ ነው፤ ማስታወሻ መያዝ፣ ማጠቃለያ መጻፍ፣ ቤት ወስደው ወጥ እያማሰሉ የሚደግሙትን ነገር ማዘጋጀት። ረጅም ጽሑፍ ይዞ ያለ ዓላማ መንከራተት፣ ያልታዘዘ መጽሐፍ መጀመር፣ ሳይገባ ማለፍና መመለስ ደግሞ የትርፍ ሰዓት ንባብ ነው፤ የውጭ ቋንቋ ቃላት በብዛት የሚጠራቀሙትም በዚህ ዓይነቱ ነው። ሴት ተማሪዎቼ ይህ ጊዜ ስለሚያንሳቸው እጨነቃለሁ። ጸሐፊው እንደ ብልጫ የጻፉላቸው ነገር ግማሹ እጥረት ነው።

«ለይተን እናስተምር፤ መነንም ለዚህ ነው»

ታሪኩን እናስተካክል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ተከፍቶ የውጭ ቋንቋ ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎቹ ወንዶች ነበሩ። ተፈሪ መኮንን በ1925 ተከተለ፤ እሱም ለወንዶች። እቴጌ መነን በ1931 የተከፈተው ሴቶች ልጆች በሌላ ብልሃት ስለሚያነቡ አይደለም፤ ከምኒልክ በኋላ 23 ዓመት ሙሉ በከተማዋ ለእነሱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስላልነበረ ነው። በር ዘግቶ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሌላ በር ሲከፈት «የተፈጥሮ ልዩነታቸው ገብቷቸው ነው» ማለት ቀደምቶቹን ባላሰቡት ነገር ማመስገን ነው።

አንዳንድ ሴቶች ልጆች ወንድ በሌለበት ክፍል ደፍረው እንደሚናገሩ አውቃለሁ። ስለ ንግግር ልምምድ ከሆነ ልንወያይበት እንችላለን። ስለ ንባብ ግን እዚሁ ሰፈር ያሉትን ይመልከቱ፤ ፒያሳ አካባቢ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስም፣ ጀርመንኛ የሚያስተምረው ጎተም ተማሪ የሚመድቡት በደረጃ ነው፤ ከኤ1 ተነስቶ ቢ1 እያለ ወደ ላይ። ሃምሳ ዓመት የሆናቸው አባትና የ17 ዓመት ልጅ ኤ2 ላይ ከሆኑ አንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ የጎደላቸው ቃል ተመሳሳይ ነውና። የኛ ማታ ቤቶች ይህን መቅዳት ቢያቅታቸው እንኳ፣ ተማሪ ሲመዘገብ አጭር የቃላት ፈተና መስጠትና ከሁለት ሦስት ርዕስ አንዱን እንዲመርጥ ማድረግ ወጪ የለውም።

ጸሐፊው በመጨረሻ፣ ለክረምቱ ቋንቋ ቤቶቹ ውስጥ የራሳቸውን መጠይቅ ሊበትኑ እንዳሰቡ ጽፈዋል። ይበትኑ፣ እኔም ክፍሌን እከፍታለሁ። አንድ ልመና ግን አለኝ፤ «ጾታ፦ ሴ / ወ» ከሚለው መስመር ሥር ሦስት ጥያቄ ይጨምሩ። የምታነበው መጽሐፍ የራስህ ነው ወይስ የውሰት? ቤት መግባት ያለብሽ በስንት ሰዓት ነው? ከገባችሁ በኋላ እስክትተኙ ለማንበብ የሚተርፋችሁ ጊዜ ስንት ነው? መልሱን ከብልሃቱ ውጤት ጎን አስቀምጠው ያትሙት፤ ያኔ ስለ ወንድና ሴት አንጎል ደግመን እንነጋገራለን።